የሶሄይ ዓሣ ምስክር

ኮቶኔ ያን ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ስታስር ስትፈታ፣ ስታስር ስትፈታ፣ ጓደኛዋ ማዶካ በር ላይ ቆማ በመጠበቅ ልትሞት ደረሰች።

«ኧረ ኤግዚቢሽን ነው እንጂ ሠርግ አይደለም! የአሮጊቶች ሹራብና የሸክላ ድመት ልናይ እኮ ነው የምንሄደው!»

«ስሜ ግድግዳ ላይ ወጥቷል እያልኩሽ! ከሶሄይ ስም አጠገብ! አጠገብ ነው የምልሽ!»

እንዲያ ከሆነ ታዲያ አያስደስትም? በዚያች የዓሣ አጥማጆች ከተማ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሰዉ ሁሉ የሠራውን አምጥቶ የሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ይሰቅላል። ዘንድሮ ደግሞ ሶሄይ የዓሣ ኅትመት አስገብቷል! ያው፣ ዓሣው ላይ ቀለም ይቀባና ስስ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ወረቀቱ ሲነሳ ቅርፊቱ በለው፣ ክንፉ በለው፣ ሁሉ ነገሩ እላዩ ላይ ቁጭ ይላል፤ ዓይኑ ብቻ በእጅ ይሳላል። ከጎኑ የአጥማጁ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ ደግሞ ዓሣው ሲያዝ በዓይኑ ያየ ሰው ስም። ምስክር የሌለው ዓሣ እዚያ ከተማ ወሬ ነው፤ ማንም አያምንህም።

እና ነሐሴ ላይ ሶሄይ ያን የሚያክል ቀይ ዓሣ ሲጎትት፣ ማዕበል መመለሻው ግንብ ላይ ማን ነበረች? ኮቶኔ! በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻዋን ሰበብ አድርጋ ስትከተለው ነው የከረመችው። የእጅ መረቡን የያዘችለትም እሷ ናት፤ ቀሚሷ በስብሶ። ሶሄይም «በቃ፣ ምስክሬ አንቺ ነሽ» አላት። አለቀ! ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አለ? ለእናቷ ነገረች፣ ለክፍሏ ልጆች ነገረች፣ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረች፣ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ለማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ነገረች።

ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የአዳራሹን ነጠላ ጫማ አጠለቁ። መንደሪን የሚያድሉት አሮጊት ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ኮቶ ቻን! ምስክሯ መጣች!» ብለው አቆላምጠው ሲጮኹ፣ ጉንጯ ቲማቲም መሰለ። ውስጥ ሹራብ የለበሱ ጥንቸሎች ተደርድረዋል። የጥርስ ሐኪሙ የሳሉት ተራራ የተቀቀለ ድንች ነው የሚመስለው።

«እንደ ጥርስ ነቅለውት ነው መሰለኝ» ስትል ማዶካ ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ።

ዓሣው ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበር። ወይኔ ማማሩ! ጅራቱን ቢመታ ውሃ የሚረጫችሁ ነው የሚመስለው። ኮቶኔ እጇን አፏ ላይ ጭና ዓይኗን ወደ ጽሑፉ አወረደች። አጥማጅ፦ ሶሄይ ኡራካዋ። ምስክር፦ ኩኒሂኮ ኡራካዋ።

ደግማ አነበበችው። ያው ነው።

«ኩኒሂኮ ማለት...» አለች ማዶካ ቀስ ብላ፣ «አባቱ አይደሉም እንዴ? ካቻምና በብርዱ ጀልባቸው ወጥታ የቀረችው?»

«አውቃለሁ።»

«ሞተዋል እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!»

ታልቅስ ወይስ ትናደድ? በማንስ ትናደድ? ሌላ ሴት ብትሆን እሺ፣ ፀጉሯን ትነጭላት ነበር። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? አሁን ስታስበው፣ ያን ቀን ሶሄይ ዓሣውን ከፍ አድርጎ ያሳየው ለእሷ አልነበረም። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነበር። እሷ እኮ አፍሮ መስሏት ነው!

ከኋላቸው ድምፅ ተሰማ። የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽማግሌው ኢዋሴ፣ ኤግዚቢሽኑንም የሚያዙት እሳቸው ናቸው፣ ሶሄይን በክንዱ ይዘው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«እናትህ ከሰዓት ትመጣለች» አሉት። «ስንቴ ለምነናት ነው ከቤት የምትወጣው! ሞቷል ብላ መናገር የጀመረችው ገና አሁን ነው። እዚህ መጥታ፣ ባልሽ ባለፈው ነሐሴ ግንቡ ላይ ቆሞ ነበር የሚል ታንብብ?»

«ነበረ» አለ ሶሄይ።

«ልጄ...»

«ማጥመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲያየኝ ነበር። ነበረ፣ ጋሽ ኢዋሴ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። «የእኔንም ወንድም ባሕር በልቶታል። እንዲህ ከሆነማ ሁላችንም የሞቱብንን እያመጣን መስቀላችን ነው። ምስክር ያየ ሰው ነው፤ አለበለዚያ አወርደዋለሁ።» ከዚያ ዘወር ሲሉ ዓይናቸው ኮቶኔ ላይ አረፈ። «አንቺ! ነበርኩ ስትይ ያልሰማሽ ሰው አለ? ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም?»

ነበርኩ ካለች የአባትየውን ስም ልታስፍቅ ነው። አልነበርኩም ካለች ዓሣው ሊወርድ ነው፣ እሷም ውሸታም ልትባል ነው። ሶሄይ አያት። በጋውን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ዓይን፣ ያ ዓይን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት፤ እየለመነ። ታዲያ ከአፏ ምን ወጣ መሰላችሁ? ከነሐሴ ጀምሮ ለአገሩ ሁሉ ስትለው የከረመችው ቃል፣ ራሱ ሮጦ ወጣ።

«ነበርኩ! መረቡንም የያዝኩለት እኔ ነኝ!»

ያውም ፈገግ ብላ!

ሶሄይ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያ በአዳራሹ ነጠላ ጫማ እንደሆነ ውጭ ወደሚጥለው ዝናብ ወጣ። «ሶሄይ!» ብላ ተጣራች። አልዞረም።

ኢዋሴ ቁራጭ ወረቀት በአባትየው ስም ላይ ለጠፉ። እዚያው የነበረች የቁም ጽሕፈት መምህርት በብሩሽ «ኮቶኔ ሂራኖ» ብላ ጻፈችበት፤ እንዴት ያለ የሚያምር ጽሕፈት! ሰው እየመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ ፎቶ አነሳት። ማዶካ «እንሂድ በቃ» እያለች እጅጌዋን ጎተተች፤ የኮቶኔ እግር ግን እምቢ አለ።

የሶሄይ እናት መጡ። ጥቁሩ ኮት ሰፍቷቸው የሌላ ሰው ይመስላል። ዓሣው ፊት ቆሙ፣ አነበቡ፣ ቆዩ።

«ኮቶኔ አንቺ ነሽ?»

«አቤት።»

«ያን ቀን... ብቻውን ነበር?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ልክ የማይጠየቅ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው። «ማለቴ፣ ሌላ ሰው አላየሽም? ራቅ ብሎም ቢሆን?»

ኢዋሴ ከወዲያ ማዶ «የለም በይ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁባት። ባይነቀንቁስ ምን ልትል ነው? ያላየችውን አየሁ ትበል?

«ማንም አልነበረም» አለች።

«እሺ» አሉ ሴትዮዋ። «እሺ። እሺ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ስላየሽልኝ አመሰግናለሁ።» ልጃቸው የት እንዳለ እንኳን ሳይጠይቁ፣ የተሰጣቸውን መንደሪን ወንበር ላይ ትተው ወጡ።

በማግሥቱ ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄደ። ጥንቸሎቹ ሄዱ፣ ድንች መሳዩ ተራራም ሄደ። ዓሣውን የሚወስደው ጠፋ። ኢዋሴ ጠቅልለው ለኮቶኔ ሰጧት፤ «ያንቺም ስም አለበት» ብለው።

ቤት ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የአባትየውን ስም ብታወጣው፣ ለሶሄይ ይዛለት ብትሄድ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ብትሮጥ... ጣቷን በውሃ ነክራ የተለጠፈውን ቀስ፣ ቀስ እያደረገች አረጠበችና ከጥጉ ሳበችው። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውም አብሮ ተነሳ። ቀለሙ በጣቷ ላይ ተደፈደፈ፣ የትኛው የማን ስም እንደነበር እንኳን አይለይም።

ዓሣው ደህና ነበር፤ ከሥሩ ግን ወረቀቱ ተቦጭቆ የጠረጴዛው እንጨት ይታያል። ኮቶኔ ሙጫ ይዛ ቁጭ አለች፤ ምኑን ከምን እንደምታጣብቅ ጠፋት።