ያልተጻፈው ሐሙስ

ጎረቤቴ ኦርቪል እሁድ ጠዋት ሲደውልልኝ፣ ስልኩን ሳላነሳ ለምን እንደፈለገኝ አውቄ ነበር።

«ለስተር፣ መኪናዋ ፎርዊል ላይ ተቸክላ ቀረች» አለኝ። «ማንሻው ንቅንቅ አይልም። ዛሬ የምትሰድበው ሰው ከሌለህ ብቅ በል።»

«ምን አድርገሃት ነው?» አልኩት።

ይህን ለምን እንደጠየቅኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪናዋን እንደዚያ ያደረግኋት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ዕለት ነው። ሌሊቱን የሚያዝያ በረዶ ሲጥል አደረ። አንዲት ላሜ ከወለደች በኋላ መነሳት አቅቷት ጋጣው ውስጥ ተዘርግታለች፤ ከእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት ካልመጣላት ማታን አታይም። የእኔ መኪና ማስነሻ ሞተሪኖዋ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ገና ሳይነጋጋ ወደ ኦርቪል ግቢ ሄድኩ።

እኛ ዘንድ የፒክአፕ ቁልፍ ከመኪናው አይወጣም። የቸገረው ጎረቤት ባለንብረቱን ሳይቀሰቅስ ይዞ ይሄዳል። ሕጉ ሁለት ነው፤ ነዳጅ ሞልቶ መመለስ፣ ከመሪው አጠገብ በሲባጎ በተንጠለጠለችው ደብተር ላይ ስምን፣ ቀኑንና የሄዱበትን መጻፍ። ደብተሯ ስትዋሽ ያየ ሰው የለም።

የኦርቪል መኪና የሰባ ስምንት ሞዴል ናት። አራቱም ጎማዎቿ እንዲጎትቱ ከተፈለገ ወርዶ የሁለቱን የፊት ጎማዎች እምብርት በእጅ አዙሮ መቆለፍ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን አጭር ማንሻ መሳብ ነው። በረዶው ላይ እንደዚያ አድርጌ ወደ ሐኪሙ ነዳሁ። መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ፀሐይና ነፋስ ተጋግዘው አስፋልቱን ድርቅ አድርገውታል። እኔ የማስበው ስለ ላሟ ነበር። ሠላሳ ማይል በደረቅ አስፋልት በፎርዊል ነዳሁ።

በረዶና ጭቃ ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት ችግር የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ አንዱ ሌላውን እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዝዘዋል፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ተናክሰው ይቀራሉ። ይህን ለሃያ ዓመት ለጎረቤቱ ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ኦርቪል ይህንኑ ሲሳሳት አግኝቼው፣ እህል መደብሩ ውስጥ በስድስት ሰው ፊት «አስፋልትና ጭቃ መለየት ካቃተህ በቅሎ ግዛ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ኦርቪል ከብቶቹ ጋ ስለነበር አላየኝም፤ መጋዘኑ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ሳቆማት ማንሻው እንቢ አለኝ። በሁለት እጄ ሳብኩት፣ በእግሬ ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች። ደብተሯን ገልጬ እርሳሱን አነሳሁ። እነዚያ ስድስት ሰዎች በሐሳቤ መጡብኝ። እርሳሱን መለስኩት። ነገ ክሪክ ይዤ መጥቼ ማንም ሳያይ አላቅቃታለሁ ብዬ ላሟን ለማዳን ሄድኩ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሎች ላሞች ሲወልዱ ዋሉ፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

ነዳጁን ግን ሞልቼ ነበር።

እሁድ ክሪኬን በትከሻዬ ይዤ ስደርስ ኦርቪል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ከዚያ በላይ ይመስል ነበር። ልጁ ማርሊስ ከምትኖርበት ከቢሊንግስ ከተማ ቅዳሜ መጥታ ኖሯል፤ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሐኪሙ መጣ» አለ ኦርቪል። «ታማሚዋ ያቻት።»

«መጨረሻ የነዳሃት መቼ ነው?» አልኩት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬን ሞቀኝ።

«ማክሰኞ። ማክሰኞ ደግሞ በረዶ አልነበረም። ዓርብ ላስነሳት ስል እንዲህ ሆና አገኘኋት። ደብተሯን አየሁ፤ የወሰዳት ሰው የለም። እንግዲህ እኔ ነኛ።» ማርሊስ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም ነገር አለ። ነዳጁ ሙሉ ነው። ሩብ ነበር ያለው። ቅርቡ ማደያ እንኳ ስምንት ማይል ይርቃል፣ ለስተር። ሄጄ፣ ሞልቼ፣ ተመልሼ፣ አንዲት ነገር ትዝ አትለኝም።»

እናቱ በመጨረሻ ዓመቶቿ ልጆቿን በላሞቿ ስም ትጠራቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እሱም የሚያስበው ያንን መሆኑን ዓይኑ ይናገር ነበር።

ማርሊስ ጠጋ አለች። «አባዬ ቃል ገብቶልኛል» አለችኝ። «በገና ሰሞን ምድጃውን ለኩሶ ትቶ ወጥቶ እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ቁልፉን ይሰጠኛል። በጋውን እኔ ጋ ይሆናል።»

«ከብቶቹስ?» አልኩ።

«ከብቶቹ ይሸጣሉ» አለ ኦርቪል፣ ባልዲው ላይ እንዳለ። «አንተ ብቻ አላቃት። የተቸከለ መኪና ማን ይገዛል።»

መኪናዋ ሥር ገባሁ። ምን እንደሚፈልግ እንደማያውቅ ሰው ዘንጎቹን እየነካካሁ፣ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረግኩ ቆየሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ተንጋልዬ አንድ መውጫ አየሁ።

«ምናልባት ዝገት ይሆናል» አልኩ ከሥር ሆኜ።

«ዝገት?» ባልዲው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስቶ ነበር። «ዝገት ከሆነ የእኔ ጥፋት አይደለም ማለት ነዋ?»

በድምፁ ውስጥ የነበረውን ተስፋ መስማት ከበደኝ። ዝገት አልነበረም፤ መስከረም ላይ ያንን መገጣጠሚያ ግሪስ የቀባሁት ራሴ ነኝ። ዝገት ብዬ ብዋሽ ደግሞ ማንሻውን እንጂ ነዳጁን አያስረዳም። ነዳጁ እንደ ሞላ ይቀራል፤ እሱም ሌሊት ሌሊት የት ሄጄ ሞላሁት እያለ ይኖራል።

«አይደለም፤ ዝገት አይመስልም» አልኩና ወጣሁ።

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግጄ የግራውን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳሁት። ከመሬት የአንድ ጣት ያህል እንደለቀቀ ታፍኖ የቆየው ጉልበት ተፈታ፤ ጎማው ጓ ብሎ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ዞረ። ማርሊስ ደንግጣ ወደ በሩ ሸሸች። ገብቼ ማንሻውን በሁለት ጣት ገፋሁት፤ እንደ ቅቤ ሄደ።

«ይኸው» አለ ኦርቪል ቀስ ብሎ። «አንድ የፊት ጎማ ማንሳት ብቻ።» ከዚያ ፊቴ መጥቶ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። «በል አሁን ስድቤን ስጠኝ። በቅሎ ግዛ በለኝ። ይገባኛል።»

 እሱ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ቁልፉን ነቀለ። ሃምሳ ዓመት ያህል ከቦታው ያልወጣ ቁልፍ ነው። ወደ ማርሊስ ዘረጋው፤ እሷም እጇን ዘረጋች።

«ሐሙስ ዕለት የወሰድኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ላሜ ወድቃ ነበር። ስመለስ አስፋልቱ ደርቋል፤ አላስተዋልኩም። ማንሻው ሲይዝብኝ አፈርኩና ሳልጽፍ ሄድኩ።»

ኦርቪል ቁልፉን እንደዘረጋ ቀረ። «ነዳጁስ?»

«እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«የት?»

«ከሐኪሙ ማዶ ካለው ማደያ።»

«ከሐኪሙ ማዶ» አለ፤ የረገጠው በረዶ ይችለው እንደሆነ በእግሩ እንደሚሞክር ሰው። «ስለዚህ እኔ የትም አልሄድኩም።»

«የትም አልሄድክም።»

ቁልፉን ሰበሰበ። «ሁለት ሌሊት» አለ። «ሁለት ሌሊት ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የልጅ ልጆቼን ስም ስደጋግም ነው ያነጋሁት። እንዳይጠፋብኝ።»

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ላሟስ?» አለኝ።

«ድናለች።»

«ደግ።»

«አባዬ፣ ምድጃው ግን…» አለች ማርሊስ።

«ምድጃው የእኔ ነው። መቼ ካድኩሽ? ይሄኛው ግን የእሱ ነው።» እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። እሱ ቁልፉን ቦታው መለሰና ደብተሯን ከሲባጎዋ ፈትቶ ከነእርሳሷ ሰጠኝ። «ጻፍ።»

ስሜን፣ ቀኑንና ሐኪሙን ጻፍኩ። ደብተሯን ከዓይኑ አርቆ አነበበ።

«‹በደረቅ አስፋልት በፎርዊል› የምትለዋን ዘለልካት።»

እሷንም ጻፍኩ። ኮፈኑ ላይ አስደግፌ፣ እንዲነበብ ፊደሎቹን አጉልቼ።

«ደብተሯን ነገ እህል መደብሩ ይዣት እሄዳለሁ» አለ። ፈገግ አላለም። ክሪኩን አወረድኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ የሁለቱን ጎማዎች እምብርት በራሱ እጅ ፈታ፤ አንዱ ቢጠብቅበትም እንዳግዘው አልጠየቀኝም። ሞተሩን አስነስቶ ሊሞክራት ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ግባ፣ ላድርስህ» ይለኝ ነበር።

«እኔ ላድርስዎት?» አለች ማርሊስ።

«አይ፣ በእግሬ ይሻለኛል» አልኳት።

ክሪኩ ከባድ ነው፤ መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀምጬው አረፍኩ። ሁለተኛው ላይ ሳለሁ መኪናዋ ከፊቴ ስትመለስ አየኋት፤ ያለምንም መንቋቋት፣ የፊት ጎማዎቿ ቀለል ብለው ትመጣለች። እኛ አገር መንገድ ላይ የተላለፈ ሰው ሁሉ፣ ባይተዋወቅም፣ ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም ይላል። እኔ እጄን አነሳሁ። ኦርቪል ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደ ፊት እያየ አለፈኝ።