ሁለተኛዋ ቋጠሮ

ቋጠሮዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እኔው!

ጣሊያን የመተማን መንገድ ሲያሠራን በዚያ ቆላ ፀሐይ ድንጋይ ስንፈልጥ ውለን ውሃ የምናገኘው አንዴ ብቻ ነበር። ውሃ እስኪጨምሩልን አብረን ሥራ ለማቆም ማኅበር መሠረትን። ስም እንዳንጽፍ ፊደል አናውቅም፤ መሐላ ደግሞ ሰዉን ያስፈራዋል። “የገባ ሰው ማተቡ ላይ አንዲት ቋጠሮ ይጨምር፣ በቃ” አልኩ። ሙስሊሙ ሷሊህ እንኳ ክር ለምኖኝ ቋጥሮ ከክታቡ ጎን ክንዱ ላይ አሰራት። በሳምንት ውስጥ ስልሳ ሆንን።

ለሁሉም ስናወራ ካቦው አዛናውም ሰምቶ ኖሯል። ሥራ ባቆምን ዕለት አሰልፎ አንገታችንንና ክንዳችንን ይፈትሽ ጀመር። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ማተቤን በጥሼ በእግሬ አፈር ውስጥ ቀበርኩት።

አንገቴን ባዶ ሲያገኘው “ይሄ የለበትም” አለና አለንጋውን አስጨበጠኝ። “በል፣ ግረፍልኝ!”

ሷሊህ እጅጌውን ራሱ ሰብስቦ ክሩን አሳየ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ አብሬው እገረፍ ነበር፤ አልተነፈሰም።

ስላልተናገረብኝ ጠላሁት። ከሁሉም አብዝቼ የገረፍኩት እሱን ነው።