ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና የልብስ ሰፊዋን ክፍል ከወረረች አሥራ አራት ዓመት ሞላት። አሥራ አራት ዓመት ዋዛ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ሌላው ሰው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ ቤቱን ሸጦ፣ በመሸጡ ተጸጽቶ፣ ጸጸቱንም ረስቶ ሌላ ቤት ጀምሯል። ልብስ ሰፊዋ ግን ያን ሁሉ ዘመን የስፌት መኪናዋን መኝታ ቤት ውስጥ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሀል ሸጉጣ፣ ጉልበቷ ከአልጋው ብረት ጋር እየተላተመ ትሰፋ ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ስትቆርጥ ጨርቁን የምትዘረጋው አልጋው ላይ ነው። ባሏ ቀን ጋደም ማለት ካማረው ሙሽራዋ ትጠብቃለች። አንዷማ ጠብቃ ጠብቃ ቀሚሷን የወሰደችው ልጇን ታቅፋ ነው ይባላል።

የተወረረው ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ያለው ነው። ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ አንዱ የጠዋቱን ፀሐይ ሌላው የከሰዓቱን የሚቀበሉ። ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፤ በሩ ዝሆን ጎንበስ ሳይል የሚገባበት። ሲጋቡ ያንቺ ነው ተብሎ የተሰጣት እሱ ነበር። ባሏ ያንን ሞተር አልባ ቀፎ በገመድ አስጎትቶ ያስገባ ዕለት፣ ለሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ አላት። መኪናዋ በገዛ ጎማዋ በዚህ በር በወጣችበት ቀን ክፍልሽን ትረከቢያለሽ ብሎም በእናቱ ስም ማለላት። እናቱም እዚያው ቆመው ነበር። ያኔ የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ከጣሪያው አልወረደም።

ባልየውን ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት መጠበቅ ነው፤ ወደ ምሕንድስና የቀረበው መሐንዲሶችን እርሳስ ሲያስፈርም ብቻ ነው። ሲያወራ ግን ሞተር የሚባለው ነገር ከመፈጠሩ በፊት እሱን ያማከረ ይመስላል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ የለየለት መካኒክ ነው። የራሱ ጋራዥ አለው፤ ሁለት መንገድ ማዶ መኪና ሲያስል ሰምቶ ሕመሙን ከነመድኃኒቱ ይነግርሃል። ባለጋራዡ በመጀመሪያው ቀን ቀፎውን ሦስት ጊዜ ዞሮ አየና፣ ይቺ በራሷ ከዚህ በር ከወጣች ጋራዤን ዘግቼ ዶሮ አረባለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ኢንጂነሩ ወንድሙን አንዲት ብሎን አላስነካውም።

ብቻውን ነዋ የሠራት። ካርቡሬተሩን አርባ ጊዜ ፈትቶ አርባ ጊዜ ገጠመው፤ ብሎኖቹ ከመፈታት ብዛት መንገዱን በቃላቸው አጥንተውት ነበር። ለሞተሩ ማሸጊያ የሚሆነውን ካርቶን የሚቆርጠው በሚስቱ የጨርቅ መቀስ ነው። የጨርቅ መቀስ አንዴ ካርቶን ከነካ በኋላ ሐር አይቆርጥም፣ ያኝካል እንጂ። ይህን ብትነግረው መቀስ ያው መቀስ ነው፣ አንቺን የያዘሽ ቅናት ነው አላት። ቀለሙን የሚወለውልበትም ጨርቅ ከደንበኞቿ ገበር የተቀደደ ነበር፤ ሌላ ጨርቅ ይጭራል ይላል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ረዳት ነበረው፤ የእሷ ቀኝ እግር።

ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባ ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጥና ይዞ ይቆያል። ሌላው ከጎማው ሥር ተጋድሞ ትንሿን ብሎን ይፈታል፣ አየሩን ከዘይቱ ጋር ያስተፋል፣ መልሶ ያጠብቃል። ኢንጂነሩ ከሥር ሆኖ «ርገጪ» ይላል፣ «ረግጫለሁ» ትላለች። «ያዢ» ይላል፣ «ይዣለሁ» ትላለች። ከዚያ «ልቀቂ»። ከዚህ ሌላ ቃል ክልክል ነው። ሕጉ የወጣው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሥራው መሀል ደንበኛ መጣ ስትለው ቀና ሲል ዘይቱ ዓይኑ ውስጥ የገባ ቀን ነው። ዓይኑን እያሸ «እግር አፍ የለውም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነበረውም።

አማቷ ይህንን ሕግ ከማንም በላይ ወደዱት። የሚኖሩት ታናሽ ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እዚህ ይመጡና ወንበር ስበው በሩ ላይ ይሰየማሉ። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ፣ ልጄ ሚስት ያገባ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ፔዳል ነው ያገባው ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ታቀርብላቸዋለች። ሻዩ ቀዘቀዘ ይላሉ፤ ይተኩሳል ይላሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ ስኒ።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ሞተሩ ተነሣ። ሲነሣ የሰባት ቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ፤ ስምንተኛው ቤት መስኮት ባይኖረው ነው። ኢንጂነሩ ለመጪው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሰፈሩን ጠራ። እናቱን ጠራ። ወንድሙንም የዶሮ መኖ ይዘህ ና ብሎ ላከበት።

አርብ ከሰዓት የመጨረሻው የፍሬን ሥራ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ የባሏ ሁለት ጫማዎች ብቻ ከግራ ጎማ ሥር ይታያሉ። ርገጪ አላት፣ ረገጠች። ያዢ አላት፣ ያዘች።

ፔዳሉ መስመጥ ጀመረ።

ብሎኑ ገና አልተፈታም፤ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ መቆም ነበረበት። እሱ ግን እግሯ ሥር ቀስ እያለ፣ በሊጥ ላይ እንደቆመ ሰው፣ ወደ ወለሉ ወረደ። ቶሎ ቶሎ ሲመቱት ይጠነክራል፤ ይዘውት ሲቆዩ ይሟሟል። ኢንጂነሩ ሲሞክረው ሁልጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ አለት ነው ብሎ ይወርዳል። ይዞ የሚቆየው የእሷ እግር ነው። ስለዚህ የፍሬን ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ያቺ ዘይቱን አፍና የምትይዘው ላስቲክ፣ ማለቋን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ እግር ብቻ ነበር። ካወቀም ሦስት ሳምንቱ።

መናገር ትችላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሕጉን ጥሳ ቤንዚን ይሸተኛል ብላው ነበር። ይሄ እኔን ለማሳጣት ነው ብሎ ሦስት ቀን ካኮረፋት በኋላ ታንኩን አወረደው፤ ተመልሶ እስኪወጣ አሥራ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ፖምፓው ከወረደማ ጎሚኒው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ፣ ሲመጣም ልኩ እስኪጠፋ፣ ልኩ እስኪገኝ ድረስ ፀጉሯ ይነጣል። በመኪናዋ መስታወት በኩል ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አየች። የመቁረጫው ጠረጴዛ እዚያ። የስፌት መኪናዋ ከጠዋቱ መስኮት ሥር። ደንበኞች ራሳቸውን የሚያዩበት ትልቁ መስታወት ከበሩ በስተቀኝ። በዓይኗ ለክታ ከጨረሰችው ስንት ዓመቷ።

ከበሩ ሲወጣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ያላለቀ ቤት አለ፣ ፊቱም የብሎኬት ክምር። የመኪናዋ አፍንጫ ይጨፈለቃል፣ የባሏም ግንባር ትንሽ ይላጣል፣ ሰው ይስቃል፤ ከዚያ በገመድ ወደ ወንድሙ ጋራዥ ትጎተታለች። መሐላው በበሩ መውጣትን እንጂ መቆምን አልጠየቀም።

ከሥር ድምፁ መጣ። «ያዝሽ?»

«ይዣለሁ» አለች።

የእጅ ፍሬኑስ የሚል አይጠፋም። ኬብሉ ታዞ አልመጣም፤ ኢንጂነሩም የእጅ ፍሬን የፈሪ ነው ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። የወንበር ቀበቶዎቹንም ቆዳውን ይፈትጋሉ ብሎ ፈቷቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መኪናዋ ከመወልወሏ ብዛት ቀና ብሎ ያያት ሁሉ ያደረ ጢሙን አይቶባታል። ባለጋራዡ እጁን ኪሱ ከቶ ግንቡን ተደግፏል። የመጀመሪያው ጉዞ ወንበር ለልብስ ሰፊዋ ቃል የተገባ ነበር፤ ለበዓሉም ብላ አዲስ ቀሚስ ሰፍታለች። ግን አርብ ከሰዓት የወሰነችውን ስለምታውቅ፣ ሆዴን ቆርጦኛል ልትል አስባ ነበር። ሆዷ መቆረጥ አላስፈለገውም። አማቷ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጡና የመኪናዋን በር ከፈቱ።

«የወለድኩት እያለሁ የረገጠችው አትቀድመኝም» አሉ። ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩም ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ይዛ ቆመች። ባሏን እሺ፤ የእሱን ግንባር ቆጥራበታለች። የሰባ ሁለት ዓመት አሮጊት ግን አልቆጠረችም። ጎንበስ ብላ የአማቷን ቀሚስ ጫፍ ከበሩ ሥር ሰበሰበችላቸውና፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች።

አማቷ ሳያዩአት እጃቸውን አወናጨፉ። ዝም አይነቅዝም፣ ዛሬ እንኳ አትነዝንዢን አሉ። ከዚያም አሁን ባዶ ወደሚሆነው ክፍል ዞር ብለው በደስታ ቃኙትና ጨመሩበት። ልጄ ሌላ ቀፎ አይቷል፣ ሰማያዊ ነው፣ ሰኞ ይገባል፤ አንቺም እግርሽን አሳርፊያት፣ ገና ሥራ አላት።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። እሱ የመሪውን አቧራ ያራግፍ ነበር።

ያን ጊዜ ባለጋራዡ ግንቡን እንደተደገፈ፣ ለነገሩ ፍሬኑን በደንብ ሞክረኸዋል ወይ፣ ቁልቁለት ነው ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነሩ ወንድሙን የሚያዋርድበት ቀን ደርሶለት ነበርና አልቸኮለም። መስኮቱን ወደ ታች አወረደና በአውራ ጣቱ ወደ ሚስቱ አመለከተ። «እሷን ጠይቃት። አሥራ አራት ዓመት የረገጠች እሷ ናት።»

ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አያት። በዚያ ግቢ ውስጥ ስለዚያች መኪና አንድ ነገር ስትጠየቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይይዛል» አለች፤ የአማቷንም በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ፤ የበሩን መቆለፊያ በደንብ ሠርቶታል።

መኪናዋ በገዛ ጎማዋ በበሩ ወጣች። ይሄ ውሸት የለበትም፣ ሁለት መቶ ሰው አይቷል፤ አምስት መቶ የሚሉም አሉ። ባለጋራዡም ለአፍታ ያህል የዶሮ ቤት ሳያስብ አልቀረም። ኢንጂነሩ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፔዳሉን ጠቅ አደረገ፣ ፍሬኑም ያዘለት፤ እጁን ለሰው አወዛወዘ። መሀል ላይ ረገጠና ይዞ ቆየ። ከጀርባ የሚታየው አንገቱ ብቻ ነበር፤ አንገቱ ሲረዝም ልብስ ሰፊዋ ፔዳሉ የት እንደደረሰ በገዛ እግሯ ቆጠረች። አሁን ሩብ። አሁን ግማሽ። አሁን ወለሉ። ቶሎ ቶሎ ቢመታው ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ግን ሰውየው ደንግጦ መኪናዋን የሚያግታትን ማርሽ አወጣና መኪናዋ እንደተፈታ ጥጃ ፈረጠጠች። የብሎኬቱ ክምር ሲናድ አቧራው ፀሐይዋን ሸፈነ። አንዲት የጎማ ጌጥ ብቻዋን ተንከባልላ መንገዱን ተሻገረችና ዳር ይዛ ተኛች።

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይላሉ። በዚያ ቅዳሜ አንዲት ቃል የአንድ ሰው ክንድና የአንዲት አሮጊት ዳሌ ሰበረች።

ማክሰኞ ባለጋራዡ መጣ። ኢንጂነሩ እናቱ ጋ ሐኪም ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ክፍል ጠርጋ፣ የወለሉን ዘይት በሳሙና ፈግፍጋ፣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ግድግዳው ሥር አቁማ ነበር። ባለጋራዡ ገባና ጠረጴዛው ላይ አንዲት ጥቁር ላስቲክ አስቀመጠ። ቀለበት ታክላለች፤ ጠርዟ ተበልቶ አልቋል።

«ፖምፓውን ፈታሁት» አለ። «ይሄ የአንድ ቀን መበላት አይደለም እትዬ። ይዞ የሚቆይ እግር ያውቀዋል።»

እሷም ላስቲኳን እያየች መለሰች። «እግር አፍ የለውም።»

ባለጋራዡ ሳቀ። ሳቁ የእናቱ ሳቅ ነበር። ሐኪሙ እማዬ ከእንግዲህ ብቻዋን አትነሣም እንዳለው ነገራት። የእሱ ቤት ፎቅ ነው፣ ደረጃ አለው፤ ይሄ ክፍል ግን መሬት ነው፣ በሩም ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ለታማሚ ጥሩ ነው። ሚስቱም ስድስት ዓመት ሙሉ ችላታለች፣ ይበቃታል። ሰው ቢጠይቅ ደረጃው ነው እንላለን አለ።

«ካልተስማማሁስ?» አለችው።

ላስቲኳን አነሣና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። «ዶሮ ማርባቱን ትቼዋለሁ» አለ። «ይህችን ግን አስቀምጣታለሁ።»

የአማትየው አልጋ ሐሙስ ገባ። ከጠዋቱ መስኮት ሥር ተዘረጋ። የመቁረጫው ጠረጴዛ የመድኃኒትና የሽንት ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። የስፌት መኪናው እዚያው መኝታ ቤት፣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሀል ነው። ኢንጂነሩ ክንዱን አንጠልጥሎ በር ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ለሚጠይቀው ሁሉ መኪናዋ በራሷ መውጣቷን ይተርካል፣ አወራረዷንም ሲናገር ቁልቁለቱ በየሳምንቱ ይረዝማል። ለፍሬኑ ግን ተጠያቂዋ የታወቀች ናት፤ ይይዛል ብላኛለች ይላል።

አሮጊቷን በቀን ስድስት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ ከወገባቸው ሥር እጇን ትሰድና ቀኝ እግሯን ከአልጋው ብረት ጋር ታስደግፋለች። ኢንጂነሩ ከበሩ ሆኖ ይመራል።

«ያዢ» ይላል።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢኝ፣ አንቺ ፔዳል» ይላሉ አማቷ።

«ይዣለሁ።»

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ደረታቸውን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ለቤተሰቡ የምሥራች ነገረ። ዳሌያቸው እንደዚያው ይኖራል፤ ልባቸው ግን የኮረዳ ልብ ነው፣ ገና ሃያ ዓመት ያለ ምንም ጥገና ይሠራል።