ከዓሣው አፍ የተቀዳ ውሃ

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሩዙ እሸት ሳይይዝ ደረቀ። የጉድጓዱ ውሃ መጀመሪያ ጨው ጨው አለ፣ ቀጥሎ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ባልዲው ባዶውን ይወጣ ጀመር። ጎሾቹ ጥላ ሥር ተኝተው ቀሩ። ሰው ልብሱን ሳያጥብ ለቅዳሴ ሄደ።

በሳን ሮኬ ሰፈር ቧንቧውም ውሃ መስጠት ተወ። ኢሳቤሎ ጎረምሳ ሳለ የተቀበረ ቧንቧ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። ዝጎ ተበሳስቶ ነበርና ከውሃው አብዛኛውን የሚጠጣው መሬቱ ነው። አሁን ሲከፍቱት ነፋስ ያፏጫል። ቆጣሪው ግን ይዞራል።

«ለነፋስ ነው የምንከፍለው» አለች ሚስቱ ቪሪንግ።

ከንቲባው በዚያው በጋ አደባባዩ መሃል ዓሣ አሠሩ። ጂፕኒ ከሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና የሚበልጥ የሲሚንቶ ዓሣ፣ ከአፉ ውሃ ወደ ሰማይ የሚተፋ፣ ማታ ማታ ቀይና አረንጓዴ የሚበራለት፣ ሙዚቃም ያለው። ለእሱ ሲባል ከተራራው ምንጭ ድረስ አዲስ ቧንቧ ተዘረጋ። ቧንቧው በሳን ሮኬ ሥር ነው ያለፈው። ሲያልፍ ሰላም እንኳ አላለም።

ኢሳቤሎ ግን ከዓሣው በፊት ሌላ ጣጣ ነበረበት። ቪሪንግን በጠየቀ ጊዜ፣ እንደ ደንቡ፣ ለወላጆቿ ውሃ ሊቀዳና እንጨት ሊፈልጥ ገብቶ ነበር። ቃሉ እስከ መጀመሪያው ዝናብ ሊያገለግላቸው ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ቧንቧው መጣ። ኢሳቤሎ ቧንቧውን ከፈተላቸው፣ የቀርከሃ የውሃ መሸከሚያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ሠርጉን ለመነ። ሠርጉ ተሠረገ። እናት ለማለት ናናይ የሚባሉት አማቱ ኢስኮላስቲካ ግን ያችን ቀን አልረሱም።

«ልጄን በዱቤ የወሰዳት እሱ ነው» ይላሉ ለእንግዳ። የሌሎቹን ሴት ልጆቻቸውን ባሎች ሁሉ «ልጄ» እያሉ ይጠራሉ። ኢሳቤሎን «ባለ ዱቤው» ነው የሚሉት። የልጅ ልጆቹ እንኳ ሳቁበት።

አሁን ናናይ እርጅናው አልጋ ላይ አውሏቸዋል። አፋቸው ግን አልተኛም።

«ቦቴው በሚያመጣው ውሃ ጸጉሬን አልታጠብም» አሉ። «ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ነዳጅ ማደያ መሰልኳችሁ?»

«ሌላ የለም እኮ፣ ናናይ» አለ ኢሳቤሎ።

«እንግዲያው እንዲሁ እሞታለሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ በሩ ላይ ማን ነው እንዲህ ያቆሸሸሽ ሲለኝ፣ ባለ ዱቤው እለዋለሁ።»

ኢሳቤሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሸከሚያ አየ። ሴትዮዋ ሊሄዱ ነው፤ ዱቤውን ይዘውት ሊሄዱ ነው። ከሄዱ በኋላ ማን ይሰርዝለታል?

ዓሣው የተመረቀ ዕለት ሳን ሮኬ ነቅሎ ወጣ፤ ውሃ ምን እንደሚመስል ለማየት። እዚያ አገር ሱቅም ቢሆን ድልድይም ቢሆን ሳይባረክ አይከፈትም። አባ ሜልቾር ጸለዩ፣ ገንዳውን ዞረው ረጩ፣ በውሃው ላይ አማተቡ። ሰው ሁሉ ዓሣውን ያያል። ኢሳቤሎ የአባን እጅ ነበር የሚያየው።

በማግስቱ ማለዳ መሸከሚያውን ከግድግዳው አወረደ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት የውሃ ቆርቆሮ አንጠለጠለና አደባባይ ደረሰ። ዘበኛው ሮሜል የሰፈሩ ልጅ ነው።

«ታታይ፣ ወዴት ነው?» አለው፤ አባት ማለቱ ነው።

«ወደ ዓሣው።»

«ውሃ መቅዳት ክልክል ነው። ሰሌዳውን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። ውሃ ልቀዳ አልመጣሁም፤ ጸበል ልወስድ ነው።»

«ጸበል በጠርሙስ ነው የሚወሰደው፣ ታታይ።»

«አማቴ ብዙ ኃጢአት አለባቸው።»

ሮሜል ናናይን ያውቃቸዋል። አንዴ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠ።

ቪሪንግ የእናቷን ጸጉር በዚያ ውሃ አጠበች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ከየት ነው?»

«ከዓሣው አፍ» አለ ኢሳቤሎ።

«ዝናብ ግን ገና ነው» አሉ።

ኢሳቤሎ ገባው። በየማለዳው ይሄድ ጀመር።

ወሬው ብዙ አልቆየም። ሳን ሮኬ በሙሉ ኃጢአተኛ ሆነና ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ገንዳው ጎደለ። ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፣ መብራቱ ይበራል፣ ዓሣው ግን ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ያንጠባጥባል። ከንቲባው አባ ሜልቾርን ጠርተው ቡራኬውን እንዲያነሱ ጠየቁ ተባለ።

«ማስገባቱን ነው የተማርኩት፤ ማውጣቱን አላውቅበትም» አሉ አሉ አባ።

ስለዚህ ዓሣውን ለማዳን ተብሎ ከአዲሱ ቧንቧ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ለሳን ሮኬ ተቀጠለ። ሰው ሲጠማ ያልተገኘው በጀት ዓሣው ሲያፍር ተገኘ።

አንድ ማለዳ ኢሳቤሎ መሸከሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ጋ ሲደርስ የጓሮው ቧንቧ እንደ ሰው ሳለ። ቡናማ ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ። ቪሪንግ ድስት ጎትታ ደቀነችበት።

«አውርደው እንግዲህ» አለችው። «ውሃው ቤትህ ድረስ መጣልህ።»

ከውስጥ፣ ከአልጋው፣ ድምፅ መጣ።

«ተዪው። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።»

ኢሳቤሎ ቆመ። ጉልበቱ ካመመው ሰንብቷል። ውሃው ድስቱ ውስጥ ሲንቧቧ ሰማ፤ በጎረምሳነቱ የሰማው ያው ድምፅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ባዶ ምስማር አያት። ከዚያ መሸከሚያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ወጣ።

አደባባዩ ባዶ ነበር። ሮሜል ብቻ አለ።

«ታታይ፣ ሳን ሮኬ ውሃ ገባ አይደል እንዴ?»

«ገብቷል።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ሆኑ?»

«እኔ ገና ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ ብቻውን ተመላለሰ። ጎረቤት ሳቀበት። ዓሣው እንኳ ኃይሉ ተመልሶ፣ ጎንበስ ባለ ቁጥር ማጅራቱ ላይ ይተፋበት ነበር።

ዝናቡ የመጣው ከአደባባይ ሲመለስ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ጎዳናው ጠፋ። ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ሮጠ። ኢሳቤሎ እርምጃውን አልለወጠም። ቤት ሲገባ ቆርቆሮዎቹ ከቀዳው በላይ ሞልተው ነበር።

ናናይ ጣሪያውን እያዳመጡ ነበር።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አምጣው እስቲ።»

ቆርቆሮውን አልጋው ድረስ አቀረበላቸው። እጃቸውን ነከሩና ግንባራቸውን አራሱ።

«መሸከሚያውን ስቀለው» አሉ። «አሁን ስቀለው።»

ሰቀለው። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ።

«ቪሪንግ፣ ለልጄ ደረቅ ሸሚዝ አምጪለት።»