ብርድ ያላየው ኮክ

የሹም አቦ ሰፈር ሰው የሺመቤት ጓሮ ያለውን ኮክ ባየ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይስቅባት ነበር። ሐሰትም አይደል። ዛፉ አራት ዓመት ሙሉ ቅጠል እንጂ አበባ አላሳየም። የደጋ ተክል ባሕር ዳር ላይ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ውርጭ እንደ መጠበቅ ነው። እሷ ግን ትጠብቃለች፤ ያውም በስለት።

ስለቱ የልጇ የክንዱ ነው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ይፋግ ሄዳ የወለደች እህቷን ስታርስ ከርማ ብትመለስ ልጁ የለም፤ ጓሮው ውስጥ ግን አዲስ የኮክ ችግኝ ቆሟል። ባሏ አስናቀ፣ ክንዱ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ አላት። ኮኩስ ብትለው፣ ልጁ ኮክ ይወድ የለ፣ ሲመጣ ይብላው ብዬ ነው አለ። እሷም ጊዮርጊስ ሄዳ፣ ልጄን ብታመጣልኝ የኮኩን የመጀመሪያ ፍሬ አመጣልሃለሁ ብላ ተሳለች። ከዚያ ወዲህ የዛፉና የልጁ ነገር በልቧ አንድ ሆነ። ኮኩ ካላፈራ ክንዱ የሚመጣ አይመስላትም።

አስናቀ ከፋብሪካ ሲመለስ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ውሃ የሚያጠጣው ይህንኑ ዛፍ ነው። ሥሩን መኮትኮት ግን በእሱ ቤት ክልክል ነው። አንድ ቀን ከዛፉ ግርጌ ጎመን ልትተክል መቆፈሪያ ብታነሣ ከእጇ ቀማት። ሰው ለዛፍ እንዲህ ሲሆን አይታ ስለማታውቅ ሳቀችበት።

ነገሩን ያስረዳቻት የደብረ ታቦር ተወላጇ ጎረቤቷ ፀሐይወርቅ ናት። ኮክ በብርድ ካልተኛ አያብብም፤ እዚህ ብርድ ስለሌለ ማታለል ነው አለቻት። ውሃ ከልክይው፣ ቅጠሉን በእጅሽ መልምይው፣ አፈሩን ገልጠሽ ሥሩን ጥቂት ቀን ነፋስ አስመቺው፤ የደጋ ውርጭ የመታው መስሎት ይተኛል፣ ሲነቃ ያብባል። አስናቀ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ቅጠሉን እንዳሻሽ፣ አፈሩን ግን እንዳትነኪ ብሎ ወጣ። የልጇ መምጫ ተገኝቶ ማን ይሰማዋል!

በነጋታው እሱ ሥራ እንደ ገባ ቅጠሉን መልምላ ጨረሰችና መቆፈር ጀመረች። ጉድጓዱ ጉልበት ሳይሞላ መቆፈሪያዋ ጨርቅ ያዘ። ሳበችው። ሥር የተጠላለፈበት አረንጓዴ ሹራብ ነው። ክው አለች። የሠራችው ራሷ ናት፤ ክር አልቆባት የግራ እጅጌውን ጫፍ በቀይ የጨረሰችውም እሷው ናት። ቀዩ አለ። እጅጌው ውስጥ ያለውን ስታይ መቆፈሪያው ከእጇ ወደቀ። ክንዱ ሱዳን ነው፤ ሹራቡን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ይሆናል፤ እያለች ከዓይኗ ጋር ተሟገተች።

አስናቀ ሲመለስ እዚያው ተቀምጣ አገኛት። አጠገቧ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«መንገድ ዳር ጥለውት አገኘሁት» አለ። «ሰው ሳይነሣ በጋሪ አምጥቼ ቀበርሁት። ልቅሶ ክልክል ነበር፣ የሺ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ ብታለቅሺ ይሰማሉ፤ ከሰሙ ያወጡታል።»

«አራት ዓመት መንገድ መንገድ ሳይ፣ ከጀርባዬ ነበር?»

አፈሩን ሁለቱም በእጃቸው መለሱ።

ፀሐይወርቅ አልዋሸችም። ሳምንታት አልፈው ኮኩ በራቁት ቅርንጫፉ ላይ አበባ አወጣ። ጎረቤቱ አጥር ተደግፎ ሲያደንቅ የሺመቤት ቤቷን ዘግታ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ፍሬው ሲበስል የመጀመሪያዎቹን ቋጥራ ጊዮርጊስ ሄደች። የንስሐ አባቷ ቋጠሮዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ስለትሽ ሰመረ? ልጅሽ መጣ?»

«ከቤቱ ነው ያለ፣ አባቴ» አለች፣ ኮኩን እያስረከበቻቸው። «ሂዶም አያውቅ። ፍትሐት ያድርሱለት።»