ከወንዙ መካከል ያለው ግንድ

መርቭ ከተጣጣፊ ወንበሩ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ዝም እስኪሉ ጠበቀና፣ «ድስት ላጥብ ነው» ሲል በይፋ አስታወቀ።

ሚስቱ ግሌኒስ የሻይ ኩባያዋን አስቀመጠች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣ ኬፕ ዮርክ ላይ፣ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት አሸዋ ላይ ድንኳን ከተከሉ አራተኛ ቀናቸው። ሦስቱንም ቀን መርቭ በዚያው ሰዓት ወርዶ፣ በዚያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ድስቱን በአሸዋ ሲፈትግ ነበር። በዚያ አገር ወደ ውሃ በአንድ ቦታ ሁለት ቀን አይወረድም። ውሃው ውስጥ ያለው አውሬ ሰዓት ለምዶ ይጠብቃል። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ራሱ መርቭ ነው። ግን እዚያው ተወልዶ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ድንጋይ ቢቀይር ፈራ ይባላል። እንዲህ የሚለው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ጎረቤታቸው ትሬቨር።

«ተወው መርቭዬ፣ በኋላ በጀሪካኑ ውሃ አጥበዋለሁ» አለች ግሌኒስ።

«የመጠጥ ውሃ ለድስት? ምን ነካሽ?»

«ሜልቦርን ናፍቃት ነው» አለ ትሬቨር፣ ከሚጠብሰው የአሳማ ሥጋ ባኮን ላይ ቀና ሳይል። «እዚያ ድስት የሚያጥበው ማሽን ነው።»

«ትናንት ማታ እንጨት ስለቅም ከድንጋዩ አጠገብ ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። በሆዱ የተጎተተ ነገር» አለች ግሌኒስ።

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ፤ ለአፍታ ብቻ።

«ጀልባ ነዋ» አለ ትሬቨር።

«የማን ጀልባ?»

«የሆነ ሰው።»

«ጀልባ ጥፍር አለው እንዴ?»

ትሬቨር ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ በጣም ረዘመ። «የኔ እመቤት፣ ሰሜን ሰላሳ ዓመት ኖረሽ ዛሬም ጥላሽን ትፈሪያለሽ! ሰውዬው ይሥራበት፣ ልቀቂው።»

ግሌኒስ ወንዙን አየች። መካከሉ ላይ ግንድ አለ። የመጡ ዕለት «ግንድ ነው» ያለው ትሬቨር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። አሁን የባሕሩ ሙላት እየሸሸ ውሃው ወደ ባሕር ይወርዳል። አረፋው ይሄዳል፣ ቅጠሉ ይሄዳል፤ ግንዱ ግን ባለበት ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ድንጋዩ ጠጋ አለ።

መርቭም አይቶታል። ድስቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ቢቀር፣ ትሬቨር እስከ ገና ድረስ መጠጥ ቤቱን የሚያስቅበት ወሬ አገኘ። ቢሄድ… ሐሳቡን ልትጨርሰው አልፈለገችም።

«በሉ መጣሁ» አለ መርቭ። አልተንቀሳቀሰም።

«ሂድ እንጂ ታዲያ» አለ ትሬቨር፤ ድምፁ ቀጥኗል።

መርቭ አንድ እግሩን አነሣ። ግሌኒስ ድስቱን ከእጁ ነጠቀችው።

«ግንድ ከሆነማ እኔም አያቅተኝም።»

ቁልቁለቱን ወረደች። ይጠሩኛል ብላ አምስት እርምጃ ቆጠረች፤ ዝም። አሥር ቆጠረች፤ ዝም። ድንጋዩ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቀና ብላ ብታይ፣ ግንዱ የለም። ውሃው እንደ መስታወት ለጥ ብሏል።

«ግሌኒስ! አዞ ነው! አዞ!»

መርቭ በባዶ እግሩ እየተንደረደረ መጥቶ በሸሚዟ ጎተታት። ወደቁ፤ በእጃቸውም በእግራቸውም ዳገቱን ቧጠጡ። ከኋላቸው ውሃው አንዴ ተንቦጫረቀ፤ ዞር ብሎ ያየ ግን የለም። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ መርቭ ያለቅስ ነበር፤ ሸሚዟንም አልለቀቀም።

ምድጃው ላይ ባኮኑ ያራል፤ ጠባሹ የለም።

ትሬቨር መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሟል።