የጎርናናዋ ክር

የክር ቤት ኃላፊው፣ የተቀዱ የድምፅ ክሮች በሚቀመጡበት በሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽቷል። የዋሸውም በአፉ ሳይሆን በብዕሩ ነው።

ታናሽ እህቱ ዘፋኝ ነበረች። ከጣቢያው ኦርኬስትራ ፊት ቆማ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ስለነበር ሕዝቡ «ጎርናናዋ» ይላት ነበር። መጀመሪያ የፈተኗት ሰዎች «ጉንፋኑ ሲለቅሽ ተመለሺ» ብለው ሊያባርሯት ነበር አሉ። ጉንፋኑ ሳይለቃት የአገር ምድሩን ልብ ወሰደችው። ከሁሉ የገነነው ዘፈኗ ዳቦ ልትገዛ ተሰልፋ ስለቆመች ሴት የሚያወራው ነው። እንደ እውነቱ የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ሴትዮዋ የምትጠብቀው ከሰልፉ መሃል የጠፋ ባሏን ነው። ሰው ግን በየአደባባዩ ይዘፍነው ጀመር፤ መንግሥት ደግሞ የፍቅር ዘፈን አይገባውም።

ዘፈኑ ታገደ። ሸክላዎቹ ከየሱቁ ተለቅመው ተቃጠሉ፤ በየቤቱ የነበሩትን ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈርተው ሰባበሯቸው። እሷን ከነመድረክ ልብሷ ወሰዷት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትፈታ ሳንባዋ አልቆ ነበር፤ እናቷ አልጋ ላይ ሦስት ወር ተኝታ ሞተች።

በጣቢያው ያሉት ክሮቿ ይጥፉ የሚል ትእዛዝ የመጣው ገና እስር ቤት ሳለች ነው። አጥፊው ማን ሆነና! የክር ቤት ኃላፊው ወንድሟ ነው፤ ወንድም ነኝ ብሎ እምቢ ማለት ደግሞ እሷን መከተል ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ከባድ ማግኔት አለ፤ የክሩን ጥቅልል ላዩ ላይ አድርገው ሲያሽከረክሩት ያለበትን ድምፅ ሁሉ በደቂቃ ይጠርገዋል። የተላከ ታዛቢ አጠገቡ ቆሞ እየፈረመ፣ ዘጠኙንም ጥቅልሎች አንድ በአንድ አሽከረከረ። ዘጠነኛው ግን ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር። የዳቦውን ሰልፍ ዘፈን በዋዜማው አውጥቶ «የመሪው ንግግር፣ ቁጥር አርባ ሰባት» ብሎ በብዕሩ የጻፈበት ሣጥን ውስጥ ከትቶታል። የመሪውን ንግግር የሚያጠፋ ደፋር ገና አልተወለደም፤ ወዶ የሚያዳምጠውም እንዲሁ።

ለማንም አልተናገረም። የቀረጻ ባለሙያዋ፣ ያንን ዘፈን ራሷ የቀዳችው፣ በየቀኑ አብራው ትሠራለች፤ ለእሷም አልነገራት። ያን ጊዜ የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ተራ በተራ ለምርመራ ሲጠራ እሷ ሳትጠራ ቀርታ ነበርና ጠረጠራት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ለእናቱ እንኳ «ቀን ይውጣ እንጂ ድምፅዋን ትሰሚያለሽ» ከማለት አላለፈም። እናትየው የት እንዳለ ጠይቀውት አያውቁም። የሚጠብቁት ግን ያንን ድምፅ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ መሪው ሸሸ ተባለ። በዚያው ሳምንት እናትየው በሳንባ ምች ወድቀው ነበር፤ ሐኪሙም ወደ በሩ ጠጋ ብሎ «የቀራቸው ቀን ጥቂት ነው» ብሎታል። ከተማው በተኩስ ስለታወከ ልጃቸው አራት ቀን ከአልጋቸው ሥር አልተነሳም። ዓርብ መንገዱ ሲከፈት እናትየው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀን ወጣ አይደል?»

«ወጣ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ጎለተህ? ሂድ አምጣልኛ!»

ሮጠ ማለት ይቻላል። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ። የጣቢያውን ትንሿን ማጫወቻ በየትኛው እጁ፣ ክሩን በየትኛው እንደሚይዝ እያሰበ ነበር።

ምድር ቤቱ ሲገባ የቀረጻ ባለሙያዋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንቅልፍ ካየች ቀናት አልፈዋል፤ እጆቿ በአቧራ ጠቁረዋል።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት ጋሼ! አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የዚያ ሰውዬ ንግግር አንድም አይቅር ብሏል። ማግኔቱን ለማንም አልሰጠሁም። ከእርስዎ መደርደሪያ ጀመርኩ፤ ለጎርናናዋ ስል በገዛ እጄ ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት!»

«አዳምጠሻቸዋል?»

«ምኑን ላዳምጥ? ሃያ ዓመት ያዳመጥነው አነሰ?»

ሣጥኖቹ በቁጥራቸው ተደርድረው ነበር። አርባ ሰባትን አወጣና ማጫወቻው ላይ ጫነው። ሽሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ ብቻ ነው የወጣው። ወደፊት አጠነጠነው፤ አሁንም ያው ሽሽሽ። መጨረሻው ድረስ ሰማው፤ እሷም ነገሩ ሳይገባት አብራው ቆማ ሰማች። ከዚያ ነገራት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የአዲሱን ስርጭት በእሷ ዘፈን እንክፈት ብለን ጣቢያውን ሙሉ ገልብጠነዋል እኮ። በስሟ ነው የፈለግነው፣ ጋሼ። በስሟ! ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ነኝ የቀረጽኳት።»

«ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«አንቺንም።»

አላለቀሰችም። ቢመታት ይሻላት ነበር።

እናትየው ጎረቤታቸውን አስጠርተው ፀጉራቸውን አስበጥረዋል፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባዶ እጁን ሲገባ አዩት።

«የታለች?»

«የለችም፣ እማዬ። አጠፋናት።»

«ማን አጠፋት?»

«እኛው ነን። ለእሷ ብለን ነው።»

«እነሱ ያን ሁሉ ዘመን ያላገኟትን፣» አሉ እናትየው፣ «እናንተ በአራት ቀን አገኛችኋት።»

በመንገዱ ወጣቶች እያጨበጨቡ አለፉ። የዳቦውን ሰልፍ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ሲታገድ ገና ልጆች ነበሩ፤ ግጥሙን ከሰው አፍ ለቅመውታል፣ ዜማውን ግን የሰልፍ መዝሙር አድርገውታል። ደስ ብሏቸዋል፣ ድምፃቸውም ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። እናትየው እስከ አዝማቹ ታግሠው አዳመጡ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ልጄ። እሷ እንዲህ አልዘፈነችም።»

ተነስቶ ዘጋው።